ኪኒኑ ሲወጣ፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሰው ስታስመልስ ምን ይደረግ?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ዘጌ ነው። የ19 ዓመት እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ካርባማዜፒን ባለ 200 ሚሊግራም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁለት ትወስዳለች። ከጀመረች ወዲህ ደህና ናት፤ ከጣላት ወራት አልፈዋል። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ግን ያስመልሳታል፣ ትንሽ ተቅማጥም አለ፣ ሌሊት ብርድ ብርድ ብሏት አደረ። የማታውን ኪኒን በዋጠች በ20 ደቂቃ አወጣችው፤ እኔም ፈርቼ አልደገምኩላትም። የዛሬ ጠዋቱን ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አስመለሳት። የትናንቱን ለማካካስ ዛሬ ማታ አራት ልስጣት ወይ? ከመድኃኒት ቤት ፕላሲል ገዝቻለሁ፣ ልስጣት? እናቴ ደግሞ ሆዷ እስኪረጋ ኪኒኑ ይቅር ትላለች።»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እህትዎን ይማርልዎ። ጊዜ እንዳያልፍብዎ የጠየቁትን በቅድሚያ ልመልስ። አራት አይስጧት፤ የዛሬ ማታውን በሰዓቱ፣ እንደ ወትሮው ሁለት ብቻ ይስጧት። ፕላሲሉን ባለበት ያቆዩት። ኪኒኑ ደግሞ ለአንድ ጊዜም ቢሆን ሆን ተብሎ አይቅር። አራተኛው እርስዎ ያልጠየቁት ነው፤ ብርድ ብርድ ካላት ዛሬውኑ ደሟ ለወባ ይታይ። ምክንያቱን አንድ በአንድ ላስረዳ።

በቅድሚያ የሰዓቱን ነገር። የተዋጠ ኪኒን ሥራውን የሚጀምረው ከጨጓራ ወደ አንጀት ወርዶ ከተመጠጠ በኋላ ነው። በዋጠች በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰች አብዛኛው መድኃኒት ወጥቷል ብለን ስለምናስብ ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ እንደግማለን። ስለዚህ የትናንት ማታው በ20 ደቂቃ የወጣው መደገም ነበረበት፤ አሁን ግን ሰዓቱ አልፏል፣ ይተዉት። ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው መካከል የሚወስነው ዓይንዎ ነው፤ ኪኒኑ ሳይሟሟ ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ካዩት ይደገማል፣ ካላዩት አይደገምም። አንድ ሰዓት ካለፈ እንደተወሰደ ይቆጠራል። ስለዚህ የዛሬ ጠዋቱ ተወስዷል፣ መድገም አያስፈልገውም። የተደገመውም ቢወጣ ሦስተኛ አይሰጥም። ያኔ ጉዳዩ ከቤት ወጥቶ የጤና ተቋም ጉዳይ ይሆናል።

ለዚህም ሲባል ስታስመልስ ውጭ መሬት ላይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን በሳፋ ይቀበሏት። የተለመደው የካርባማዜፒን ኪኒን በአብዛኛው ነጭ ነው። ሲርስ ጠርዙ ይላላና ይፈረካከሳል፤ በትውከቱ ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ፍርፋሪ ወይም ገና ቅርጹን የያዘ ክብ ነገር ይታያል። ሳፋውን ወደ ብርሃን አቅርቦ ዘንበል ማድረግ በቂ ነው። የዋጠችበትን ሰዓት፣ ያስመለሰችበትን ሰዓትና ያዩትን ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በድካም መካከል «ቅድም» እና «አሁን» ይደባለቃሉ፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው።

አራት ኪኒን ባንድ ጊዜ የማይሰጠው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ካርባማዜፒን ለረጅም ጊዜ በወሰደ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ከ12 እስከ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በቀን ሁለቴ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። የእህትዎ የትናንት ማታው ሲወጣ ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት 24 ሰዓት ያህል አልፏታል፤ መጠኑ ወርዷል፣ አልጠፋም። በእጥፍ ሲሰጥ ግን በአጭር ጊዜ ከልክ በላይ ይወጣና ዓይኗ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት ይጀምራል፣ ትንገዳገዳለች፣ ያዞራታል፣ ያስመልሳታልም። ያኔ በሽታው ይሁን መድኃኒቱ ማንም መለየት አይችልም። የጎደለውን ቀስ ብሎ የሚሞላው በየሰዓቱ የሚሰጠው መደበኛ መጠን ነው።

የእናትዎ ሐሳብ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ መድኃኒት ማብዛት ያሳዝናል። ግን በዚህ በሽታ ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው ይኸው «ለጥቂት ቀን ይቅር» የሚለው ነው። ትኩሳት፣ የውሃና የጨው መጉደል፣ እንቅልፍ ማጣትና ምግብ አለመብላት እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሊጥሏት የሚችሉ ናቸው። እህትዎ አሁን ሁሉም አሉባት። በዚህ ላይ መድኃኒቱ ከተነሳ መውደቅ ብቻ ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚቀጥልና ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ ሆዷ በታመመበት ቀን ይህ ኪኒን ከሌላው ቀን የበለጠ ያስፈልጋታል።

ታዲያ ሆድ የማይቀበለውን እንዴት እናስቀብለው? ካስመለሰች በኋላ ወዲያው ምንም አይስጧት፤ 10 ደቂቃ ትረፍ። ከዚያ በሾርባ ማንኪያ አንድ ማንኪያ ኦአርኤስ በየሁለትና ሦስት ደቂቃው ይስጧት። ጠምቷት ብርጭቆውን ልጨልጠው ብትል አይፍቀዱላት፤ የተወጠረ ጨጓራ መልሶ ይገፋዋል። ይህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከረጋ አንዱን ኪኒን በትንሽ ውሃ ትዋጥ። ተቀምጣ እንጂ ተኝታ አይሁን፣ ከዋጠች በኋላም ግማሽ ሰዓት ትራስ ተደግፋ ትቆይ። ሁለተኛውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይስጧት። ሁለቱን ለያይቶ መስጠት የቀኑን መጠን አይቀንሰውም፣ ለሆድ ግን ይቀላል። ለካርባማዜፒን ምግብ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። ቀጠን ያለ አጥሚት ወይም በትንሽ ጨው ተቀቅሎ የላላ የፎገራ ሩዝ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀምሳ ብትውጠው ጥሩ ነው። ባዶ ሆዷን ቡና አይስጧት።

መዋጥ ካቃታት ተራውን ባለ 200 ኪኒን በሁለት ማንኪያ መሐል ሰባብሮ በአጥሚት መስጠት ይቻላል። ማሸጊያው ላይ «ሲአር» ወይም «ሪታርድ» የሚል ካለ ግን አይፈጭም፤ እነዚህ ቀስ ብለው እንዲለቁ የተሠሩ ናቸው፣ ሲፈጩ የግማሽ ቀኑ መድኃኒት ባንድ ጊዜ ይፈስሳል። ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የሶዲየም ቫልፕሮኤት ኪኒንም እንዲሁ አይሰበርም፣ አይፈጭም፤ ሽፋኑ ጨጓራን ለመጠበቅ የተሠራ ስለሆነ ሲነሳ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል። ለእሱ ሽሮፕ መጠየቅ ይሻላል።

ስለ ፈሳሹ አንድ ነገር በጣም ላሳስብዎ። ኦአርኤሱን አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጥብጡት፤ በብርጭቆ ከፋፍሎ መበጥበጥ ጨውና ስኳሩን ያዛባል። ውሃው ከሐይቁም ይሁን ከጉድጓድ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ይሁን። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ኦአርኤስ ካጡ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ ጨው አይጨምሩ። ባዶ ውሃ ብቻ ደጋግሞ መስጠት ግን ለእህትዎ የተለየ አደጋ አለው። ካርባማዜፒን ራሱ ሰውነት ውሃ እንዲይዝና በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም እንዲቀንስ የማድረግ ጠባይ አለው። በትውከትና በተቅማጥ ጨው በወጣበት ላይ ባዶ ውሃ ሲጨመር ሶዲየሙ ይበልጥ ይወርዳል፤ ራስ ምታት፣ መደናገር፣ እንደገና ማስመለስ፣ ከዚያም መንቀጥቀጥ ይከተላል።

ጠበልንም የማነሳው በዚሁ ምክንያት ነው። በአካባቢያችሁ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ወደ ጠበል መሄዱ የተለመደ ነው፣ ይሂድም። መጠመቁ ከመድኃኒቱ ጋር አይጋጭም። ጉዳት የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በጠበሉ ቀናት ኪኒኑን ማቋረጥ፣ እና እስኪያስመልስ ድረስ በባዶ ሆድ ብዙ ሊትር መጠጣት። ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰው በትንሹ ቀምሶ፣ ኪኒኑን በሰዓቱ እየዋጠ መጠመቅ ይችላል። ይህን ለሚያጠምቁት አባት አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ወደ ፕላሲል ልምጣ። የመድኃኒቱ ስም ሜቶክሎፕራማይድ ነው። ለትውከት በየቦታው የሚሰጥ ስለሆነ መድኃኒት ቤቱ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ምናልባት የሚጥል በሽታ እንዳለባት አልተነገረውም። መድኃኒቱ በዚህ በሽታ ላይ እንዳይሰጥ መመሪያው ያዛል፣ የመንቀጥቀጥ ዕድልን ሊያበዛ ይችላልና። ሌላው ችግር በተለይ ወጣት ሴቶች ላይ የሚታይ ነው። ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ አንገት ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ ይወጣል። ሰው ሁሉ «ጣላት!» ብሎ ይጮኻል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ልጅቱ ነቅታለች፣ ትሰማለች፣ ስሟን ሲጠሯት በዓይኗ ትመልሳለች። አስቀድማ ወስዳ ከሆነና ይህ ከታየባት የሚጥል በሽታ ኪኒን ተጨማሪ አይስጧት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷትና ፕላሲል መውሰዷን ይንገሩ፣ በመርፌ ቶሎ የሚለቅ ነው። ሌሎቹ የትውከት ማቆሚያዎች ፕሮሜታዚንና ክሎርፕሮማዚንም ለእሷ የሚመረጡ አይደሉም። የትውከት ማቆሚያ ካስፈለገ ሐኪሙ ኦንዳንሴትሮን ሊያዝላት ይችላል፤ ከታዘዘላት ኪኒኑን ከእሱ ግማሽ ሰዓት በኋላ መስጠት ይረዳል።

አሁን ወደ በሽታው ራሱ። በጣና ዳርቻ፣ በተለይ ከክረምቱ መውጫ እስከ ኅዳር፣ ብርድ ብርድ የሚል ትውከት «የሆድ ነገር» ተብሎ አይታለፍም። ጤና ኬላ ላይ በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ወባ ሆኖ ከተገኘና ኮአርተም ከታዘዘ ለባለሙያው «ካርባማዜፒን ትወስዳለች» ማለትዎን አይርሱ። ካርባማዜፒንና ሌሎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፊኒቶይንና ፊኖባርቢታል ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያወድም ያደርጋሉ፤ ኮአርተሙም በደም ውስጥ ከሚገባው በታች ሊሆንና ወባው ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። ሐኪሙ ሌላ ይመርጥላት ወይስ በክትትል ያንኑ ይስጣት የሚለውን የሚወስነው ለዚህ ነው። ኮአርተም ይሥራ ተብሎ ካርባማዜፒን ማቆም ግን ከሁለት ያጣ መሆን ነው፤ በጉበት ላይ ያለው ግፊት ካቆሙትም በኋላ ለሳምንታት ስለሚቆይ ኮአርተሙ አይጠቀምም፣ እሷም ትወድቃለች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ ወይም በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ከተመለሰ፣ ደሟ በድጋሚ ይታይ። ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይመጠጣል፤ ጾም ከሆነ ለውዝ ወይም ዘይት የገባበት ወጥ ይሆናል። የእሱ ሰዓት ከላይ ካልኩት ይለያል፤ በዋጠች በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰች ይደገማል። ሁለቱን መድኃኒቶች እንዳያምታቱ ሰዓታቸውን ለየብቻ ይጻፉ። ክሎሮኪን የሚያስፈልገው ዓይነት ወባ ከሆነም በሽታዋን ይንገሩ፤ ሜፍሎኪን ግን ለእሷ ጨርሶ አይሆንም።

ሳይታዘዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ነገርም ይጠንቀቁ። «ታይፎይድ ነው» ተብሎ የሚወሰደው ሲፕሮፍሎክሳሲን መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ ይችላል። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ካርባማዜፒን ከሰውነት እንዳይወጣ ያግዱትና በጥቂት ቀን ውስጥ መርዝ እስኪሆን ያጠራቅሙታል። ክላሪትሮማይሲን ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሰጡት ሦስት መድኃኒቶች አንዱ ሆኖ ይመጣል፤ ሰውየው የጨጓራ መድኃኒት ጀምሮ በሳምንቱ ያስመልሰውና «ጨጓራዬ ባሰ» ይላል፣ በሽታው ግን የካርባማዜፒን መብዛት ነው። ለሕመም ትራማዶል አይሆናትም፤ ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል።

ይህን ካነሳሁ ዘንድ፣ ትውከቱ ራሱ ከመድኃኒቱ የሚመጣበት ጊዜ እንዳለ ይወቁ። ትኩሳትና ተቅማጥ ሳይኖር ማስመለስ ከመንገዳገድ፣ ሁለት ሆኖ ከማየት፣ ከዓይን መርገብገብና ከንግግር መጎተት ጋር ከመጣ ካርባማዜፒን ወይም ፊኒቶይን በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ፊኒቶይን በተለይ አታላይ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ከተጨመረው በላይ እጅግ ሊዘል ይችላል፣ ስለዚህ ለተረሳ ቀን ማካካሻ ተብሎ የሚደረብ ፊኒቶይን ሰውን ከአልጋ ያውላል። ቫልፕሮኤት የሚወስድ ሰው ያለ ግልጽ ምክንያት ካስመለሰ፣ ምግብ ከጠላ፣ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ጉበቱ በዚያው ቀን ይታይ፤ ወደ ጀርባ የሚወጋ ብርቱ የላይኛው ሆድ ሕመም ካለ ደግሞ ቆሽት ሊሆን ይችላል። ይህ የቤት ሕክምና የለውም።

በእናንተ አካባቢ ብዙ ሰው የሚወስደው ፊኖባርቢታል ስለሆነ እግረ መንገዴን ስለ እሱም ልናገር። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከሁለት ቀን በላይ፣ በብዙዎች ላይ እስከ አራት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት መድኃኒት በትውከት ቢወጣ እንደ ካርባማዜፒን አያስደነግጥም፤ የ30 ደቂቃው ሕግ ግን ያው ነው። አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁለት ቀን አቋርጦ ምንም ሳይሆን ሲቀር «አያስፈልገኝም ነበር» ብሎ ይተወዋል፤ ከዚያ መጠኑ ሲወርድ ከባዱ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ኪኒኑ ይፈጫል፣ በማንኪያ ለሕፃንም ይሰጣል።

መቼ ከቤት ይውጡ? የዛሬ ማታው ተደግሞም ካልረጋ፣ ማለትም ሁለት ተከታታይ መጠን ከወጣ፣ እስኪጥላት አይጠብቁ። በማንኪያ የሚሰጠው ፈሳሽ ጨርሶ ካልረጋ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸናች፣ ትውከቱ ደም ወይም ቅጠልያ አረንጓዴ ከሆነ፣ ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ፣ አንገቷ ከደረቀ፣ ከተደናገረች፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም መሆኗ ከተጠረጠረ እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ የማሳስበው አለ፦ ትኩሳት ያለባት ልጅ ስትወድቅ «የነበረባት ነው» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው። የአንጎል ወባና ማጅራት ገትርም የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚታዩትም በመንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል።

ዘጌ ከባሕር ዳር በየብስም በጀልባም ይደረሳል፣ ግን በምሽት ሁለቱም ይከብዳሉ። ስለዚህ ውሳኔውን በቀን ይወስኑት። ነገ ጠዋት የሚሰጡት ኪኒን ካልረጋ እስከ ማታ አይጠብቁ፣ ከረፋዱ ይነሱ። ደቅ ደሴትን የመሰለ ቦታ ያለ ሰው ከዚህም ቀድሞ መወሰን አለበት። በጀልባ ከሄዱ ሞተር ባለው ይሁን፤ የሚያስመልሳትንና መድኃኒቷ የወረደን ሰው በደንገል ታንኳ አይጫኑ። መሐል ላይ፣ ከወለሉ ተቀምጣ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሳ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከጎኗ ይዟት ትሂድ። ከዳር ተቀምጣ ወደ ውሃው ጎንበስ ብላ እንድታስመልስ አይፍቀዱ፤ ሳፋውን ይያዙላት።

የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ የክትትል ካርዷንና ያቺን የሰዓት ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ለሐኪሙ የሚነግሩት ዋናው ነገር «ሆዷ ውስጥ የቀረው የመጨረሻ ኪኒን የዚህ ቀን፣ የዚህ ሰዓት ነው» የሚለው ነው። ካርባማዜፒን በመርፌ የሚሰጥ አይነት እዚህ ስለማይገኝ ትውከቱ በመርፌ ከቆመ በኋላ በአፍ ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ሊሰጣት ይችላል፤ ካልሆነ ሐኪሙ ሆዷ እስኪመለስ ድረስ ሌላ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ይተካላታል። ሶዲየሟና በደሟ ያለው ስኳር እንዲለካ ይጠይቁ። ይህን የሚያነብ የጤና ጣቢያ ባልደረባ ካለ፦ ፊኒቶይን ከግሉኮስ ጋር ሲደባለቅ ይጠጥራል፣ የሚሰጠው በኖርማል ሳላይን ነው፤ በጡንቻም አይወጋም። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ካለ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይልኳችኋል።

ከመድረስዎ በፊት ቢጥላትስ? መጀመሪያ ሰዓት ይዩ። በጎኗ ያስተኟት፣ አፏ ወደ መሬት ያዘንብል፤ ትውከት ባለበት ቀን ትልቁ ፍርሃት ወደ ሳንባ መግባቱ ነውና ይህን ከሁሉ ያስቀድሙ። ነጠላ ወይም ጋቢ ከራሷ ሥር ያድርጉ፣ አንገቷ ላይ የጠበቀ ነገር ይፍቱ። ማንኪያ፣ እንጨት፣ ጣት አፏ ውስጥ አይግባ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አያነቃትም፣ ያቃጥላታል፤ ሎሚም ወደ ሳንባዋ ይገባል። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ ዳግመኛ ከጣላት፣ ያኔ ድንገተኛ ነው፤ ያገኙትን ተሽከርካሪ ይዘው ይውጡ። ከነቃች በኋላ ስሟን እስክትናገርና አንድ ማንኪያ ውሃ ሳያስላት እስክትውጥ ድረስ ኪኒንም ምግብም አይስጧት።

ሲሻላት መድኃኒቱ በወትሮው ሰዓትና መጠን ይቀጥላል፤ ቀስ በቀስ መጀመርም መደረብም የለም። ላሞትሪጂን የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ግን ለብዙ ቀናት ካቋረጡ ሐኪም ሳያዩ በቀድሞው መጠን አይጀምሩ፣ ብርቱ የቆዳ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ለጥቂት ቀናት እህትዎ ሐይቅ ዳር ብቻዋን ልብስ አትጠብ፣ አትዋኝ፣ ክፍት እሳት ላይ ብቻዋን አትጋግር።

ኪኒኖቿን አሁኑኑ ይቁጠሩ። በትውከት የተደገመው ከወሩ መጠን ላይ የሚቀነስ ነው፤ ቀጠሮዋ ሳይደርስ ሊያልቅባት ስለሚችል የጎደለውን ለክትትል ክፍሉ ነግረው ያስተኩ። ቢያንስ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ቤት ውስጥ ይኑር። ካርባማዜፒን እርጥበት አይወድም፤ እርጥበት የገባው ኪኒን ይጠነክርና ከኃይሉ እስከ ሲሶ የሚደርስ ሊያጣ ይችላል። እንደ እናንተ ያለ የሐይቅ ዳር ቤት ውስጥ፣ በተለይ በክረምት፣ ከማሸጊያው ወጥቶ በወረቀት ተጠቅልሎ ከእንስራ አጠገብ ወይም ከማድቤት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ኪኒን እንዲህ ይሆናል። ከነማሸጊያው፣ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ጣሳ ውስጥ፣ መኝታ ክፍል ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት።